የፈንታነሽ ደምና የሰፈሩ አፍ

ፈንታነሽ አያሌው «ማኅፀኗን በገዛ እጇ የዘጋች ሴት» ተብላ ስሟ ከጋፋት እስከ ደብረ ታቦር ገበያ ድረስ ተነሥቷል። ወሬው ሐሰት ነው። እውነቱን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ እኔ ነኝ። ታሪኳን ለመጻፍ ፈቃዷን ብጠይቃት «ስሜንም አይለውጡት፤ የተነሣው ስሜ ነውና» ስላለችኝ፣ ያየሁትንና ከራሷ አፍ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስቀምጣለሁ።

ፈንታነሽን ያወቅኋት አንበሳሜ ሳስተምር ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተማሪዬ ነበረች። ዝምተኛና ጥንቁቅ ልጅ ነበረች፤ የማታውቀውን በግምት ከመመለስ ይልቅ «አላውቅም» ማለትን ትመርጣለች፤ ይህም ጠባይ በተማሪ ዘንድ ብርቅ ነው። ትምህርቷን እንድትቀጥል ወላጆቿን መክሬ ነበር፤ አልሰሙኝም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለይሻው ተዳረች። ይሻው በጋፋት በኩል ገብስና ድንች የሚያመርት፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ከእርሻው የማይጠፋ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ገበሬ ነው። አባቱ በሕይወት ስለሌሉ ከእናቱ ከእሜቴ ማሬ ጋር በአንድ ግቢ ይኖራል። እኔም በጡረታ ስገለል ቤቴን የሠራሁት ከእነርሱ አጥር ማዶ ስለሆነ፣ የቀድሞ ተማሪዬ ጎረቤቴ ሆነች።

ስለ ሴት የወር አበባ በግልጽ ሲጻፍ የሚያፍሩ አንባቢዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ይህ ታሪክ ግን ያለ እርሱ አይነገርም። የፈንታነሽ የወር አበባ ከልጅነቷ ጀምሮ ወቅቱን ጠብቆ መጥቶ አያውቅም። አራት ወር፣ አምስት ወር ይጠፋል፤ ከዚያም ይመጣና ሳምንታት ይሰነብታል፤ በመጣም ጊዜ ልብስ አያስቀርም። ከአገጯ ሥር ጠጕር ይበቅልባት ነበር፤ እርሱንም በወረንጦ እየነቀለች በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍነዋለች። ሰውነቷ ሞላ ያለ ስለሆነ የታመመች የሚመስለው ሰው አልነበረም። ካገባች ዓመታት ቢያልፉም ልጅ አልወለደችም፤ ይህ በገበሬ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻኝም።

በአጥቢያችን በደም ላይ ያለች ሴት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አትገባም፤ ከበሩ ውጭ ከጽዶቹ ሥር ቆማ ታስቀድሳለች። ሥርዓቱ የቆየ ነው፤ በሥርዓቱ ላይ የምለው የለኝም። ሰዎች ግን በሥርዓቱ ላይ የራሳቸውን ልማድ ቀጥለውበታል፤ ማን ከውስጥ፣ ማን ከውጭ እንደቆመች ይከታተላሉ። የአንዲት ሴት የሆዷ ነገር አንዳንድ ጊዜ ከባሏ ቀድሞ ለሰፈሩ የሚታወቀው እዚያ በር ላይ ነው።

አንድ ዓመት በበልጉ የፈንታነሽ ደም እንደ ልማዱ ጠፋ። ወራት ሙሉ ከቅጽሩ ውስጥ ስትቆም ሴቶቹ እርስ በርሳቸው መጠቃቀስ ጀመሩ። በሐምሌ አጋማሽ ደግሞ እሜቴ ማሬ ምራታቸውን ከቤቱ ጓሮ ከግድግዳው ሥር ቆማ አገኟት።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እየበላሽ ነው?»

«ምንም፣ እማማ።»

«አፍሽ ዳር ጭቃው አለ እኮ! ምርጊቱን ነው?»

ፈንታነሽ አፏን በነጠላዋ ጠረገች። «ዝናብ ሲነካው ሽታው ያምረኛል። ልተወው ብል አቃተኝ።»

እሜቴ ማሬ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። «ይሻውን ሳረግዝ እኔም የጎታውን ሥር አፈር ጨርሼው ነበር! አባቱ ‹ቤቴን በልተሽ ልታፈርሺው ነው› ይለኝ ነበር። አሁን ገባኝ፤ አሁን ገባኝ!»

«እማማ፣ እኔ እርግጠኛ አይደለሁም።»

«ዝም በይ! እርግጠኛ የምሆነው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሜቴ ማሬ ከባድ እንስራ አያሸክሟትም ነበር። ለገንፎ የሚሆን ገብስ ለይተው አስቀመጡ። ይሻውም፣ ንግግር የማያበዛው ሰው፣ በአጥሩ ላይ ሰላም ሲለኝ ፈገግ ይል ጀመር። ፈንታነሽ ግን አልሣቀችም። ልቧ ሲመታ ከጆሮዋ ውስጥ ትሰማው እንደነበር፣ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ዐይኗ ይጨልምባት እንደነበር በኋላ ነግራኛለች። እርሱንም በቤቱ ከእርግዝና ቈጥረውት ነበር።

በፍልሰታ ጾም፣ በቅዳሴ መካከል፣ ደሙ መጣ። ፈንታነሽ ነጠላዋን ወደ ታች ሳብ አድርጋ ከሴቶቹ መካከል ወጣችና ከጽዶቹ ሥር ቆመች። ሁሉም አዩ። በሚቀጥለው እሑድ እዚያው ነበረች፤ ጾሙ ሲፈታም እዚያው፤ ዘመን ሲለወጥም እዚያው። ሰፈሩ «አስወረዳት» አለ፤ እሜቴ ማሬም እንደ ልጅ ሞት አልቅሰው ተቀመጡ። ኀዘናቸው እውነተኛ ነበር፤ ይህን ልመሰክርላቸው ይገባል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ልቅሶ ውስጥ «ደሙ ለምን አልቆመም?» ብሎ የጠየቀ ማንም አልነበረም። ቤቱ የጠፋውን ልጅ ሲያስብ፣ ከፊቱ ቆማ የምትጠፋውን ሴት አላያትም።

በመስከረም ወር መጨረሻ ድንች ተሸክማ ወደ ከተማው አቀበት ስትወጣ ወደቀች። አብረዋት የሚሄዱት ሴቶች ጮኹ፤ እኔም በስልክ ባጃጅ ጠርቼ ከይሻው ጋር ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር፤ የዐይኗ ሽፋን ተገልጦ ሲታይ ከውስጥ ነጭ ነበር።

የመረመረቻት ሐኪም ሩት የምትባል ወጣት ናት። ሩት የተናገረችውን ፈንታነሽ ቃል በቃል ይዛዋለች፤ ድሮም ትምህርት የምትይዘው እንዲሁ ነበር።

«ደምሽ በጣም ወርዷል» አለቻት። «ሄሞግሎቢንሽ ዐሥራ ሁለት መድረስ ሲገባው ስድስት እንኳ አልሞላም። በዚህ ደም አቀበት የምትወጪው እንዴት ብለሽ ነው?»

«ጾም ስለማበዛ ነው?»

«ጾሙ ያባብሰዋል፤ መነሻው ግን ሌላ ነው። በየወሩ አንድ የዘር እንቁላል በስሎ መውጣት አለበት። ያንቺዎቹ ይጀምሩና ሳይበስሉ ይቆማሉ፤ በአልትራሳውንዱ እንደ ዶቃ ተደርድረው አይቻቸዋለሁ። እንቁላሉ ካልወጣ የወር አበባው ይቀራል፤ የማኅፀንሽ ሽፋን ግን ዝም ብሎ ይወፍራል። የወፈረው በመጨረሻ ሲናድ ነው እንዲህ ለሳምንታት የሚፈስሽ። የአገጭሽ ጠጕርም ከዚሁ የመጣ ነው። አፈርም ሳያምርሽ አይቀርም።»

ፈንታነሽ ደነገጠች። «ማን ነገረሽ?»

«ደም ሲያንስ ያምራል። ስንቷ አፈሩን በልታ ‹አረገዝሁ› ብላ መጥታለች።»

«መካን ነኝ ማለት ነው?»

«አይደለሽም። እንዳንቺ ሆነው ታክመው የወለዱ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በዚህ ደም ብታረግዢ አንቺም ልጁም አትተርፉም። መጀመሪያ ደሙን እንገታለን፤ ከዚያ የጎደለውን እንሞላለን፤ ከዚያ በኋላ እንቁላሉን የሚያበስል መድኃኒት እንጀምራለን። ተራው ይህ ነው፤ አይዘለልም።»

የሚሰጣትን ደም ከማከማቻው አወጡላት፤ ቤተሰብም እንዲተካ ተጠየቀ። ይሻው እጅጌውን ለመሰብሰብ አመነታ።

«ደሜን ሰጥቼ እንዴት አርሳለሁ?»

«ከአንተ የከሱ ሰጥተው አርሰዋል» አለው ደም የሚቀዳው ሰው። «ይልቅስ በሬዎችህን ጠይቃቸው፤ አንድ ቀን ቢያርፉ ደስ ይላቸዋል።»

ይሻው ሰጠ። ከሚስቱ አልጋ በላይ የተሰቀለው ከረጢት የራሱ ደም ነው ብሎ አምኖ ነበር፤ ማንም ሊያስረዳው አልደከመም። ከአጠገቧ ተቀምጦ «እንግዲህ የሥጋ ዘመዴ ሆንሽ፤ ሰባት ቤት ሳንቆጥር ተጋብተን ተገኘን፤ ቄሱ እንዳይሰሙ» አላት። በዚያ ዓመት ፈንታነሽ ስትሥቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከመውጣቷ በፊት ሩት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሰጠቻት። አንደኛው የብረት ክኒን ነው፤ በባዶ ሆድ፣ ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ እንዲዋጥ፣ ከምግብም ሆነ ከክኒኑ በኋላ ቶሎ ሻይና ቡና እንዳይጠጣ፣ ሰገራ ቢጠቁር እንዳትደነግጥ መከረቻት። ሁለተኛውን ስታወጣ ግን ፈንታነሽ እጇን ሰበሰበች። በአንድ የክኒን ማሸጊያ ቅጠል ላይ በረድፍ የተደረደሩትን ነጫጭ ፍሬዎች በአገራችን የማታውቅ ሴት የለችም፤ ጤና ኬላው የሚያድለው የወሊድ መከላከያ ነበር።

«ሐኪም፣ ልጅ አጥቼ ለመጣሁት ሴት ይህን ትሰጪኛለሽ?»

«ላንቺ የምሰጥሽ ሽፋኑ እንዳይወፍርና ደሙ በልኩ እንዲመጣ ነው። በመጨረሻው ረድፍ ያሉት ቡናማዎቹ ደግሞ ራሳቸው ብረት ናቸው። ባለቤትሽን ጥሪውና አብረን እናስረዳው።»

ይሻው ባጃጅ ሊፈልግ ወጥቶ ነበር።

«እኔ እነግረዋለሁ» አለች ፈንታነሽ።

አልነገረችውም። በመንገድ «ምን ሰጡሽ?» ሲላት «የደም ክኒን» አለችው። ሁለቱንም በአንድ ስም ጠራቻቸው። በልቧ ውስጥ ይህ ውሸት አልነበረም፤ ሁለቱም ለደሟ የተሰጡ ናቸውና። ነገር ግን የተናገረችው ግማሹን ነው፤ ዝም ያለችበት ግማሽ ቤቷ ውስጥ አብሯት ገባ። ተማሪዬ ብትሆንም በዚህ አላሞግሳትም።

መድኃኒቱ ሠራ። ጾመ ነቢያት ሲገባ የንስሐ አባቷ ቄስ ገብረየሱስ ቤቷ ድረስ መጥተው እንቁላልና ሥጋ እንድትበላ ፈቀዱላት። እሜቴ ማሬ ግን ፊታቸውን አዞሩ።

«አባ፣ በጾም እንቁላል የተጠበሰበት ቤት ይባረካል?»

«እሜቴ ማሬ፣ እርስዎ የእርስዎን ይጹሙ። የእርሷን በእግዚአብሔር ፊት የምጠየቅበት እኔ ነኝ።»

ቄሱ ይህን ካሉ በኋላ በአደባባይ የሚናገር አልተገኘም። ፈንታነሽ በላች፤ ከንፈሯ ቀይ እየሆነ መጣ። ጓሮውን መኮትኮት፣ ውሃ መቅዳት፣ አቀበቱን ሳታርፍ መውጣት ጀመረች። ደሙም በየወሩ መጥቶ በጥቂት ቀን ይሄድ ነበር። ከጽዶቹ ሥር የምትቆመው በወር አንድ እሑድ ብቻ ሆነ።

ሴቶቹ ይህንንም አዩ። ጌጤ የምትባል ጎረቤት አለችን፤ የአምስት ልጆች እናት፣ ክፉ ልብ የሌላት፣ አፏን ግን የማትገታ ሴት ናት። በጥር ወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሜቴ ማሬን አገኘቻቸው።

«እትዬ ማሬ፣ ምራትዎ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ሆነች እኮ! በወር በወሩ፣ ቀን ሳታዛንፍ!»

«ተመስገን፣ መድኃኒቱ ነው።»

«እኔም እንዲህ የተስተካከለልኝ ክኒኑን ከጀመርሁ ወዲህ ነው» አለች ጌጤ እየሣቀች።

«የትኛውን ክኒን?»

«የጤና ኬላውን ነዋ! ስድስተኛውን እርስዎ ያሳድጉልኛል?»

እሜቴ ማሬ አልሣቁም። ቤታቸው ገብተው የምራታቸውን ዕቃ በረበሩ፤ ቅጠሉንም ከጥጥ ሙዳይዋ ውስጥ አገኙት። ይዘውት ወደ ጌጤ ተመለሱ። ጌጤ አይታው ፊቷ ተለወጠ፤ «እኔ ምን ዐውቃለሁ፤ መልኩ ይመሳሰል ይሆናል» ብላ ልታድበሰብስ ሞከረች። ነገሩ ግን ከእጇ ወጥቶ ነበር።

ይሻው ከዐውድማ ሲመለስ እናቱ በግቢው መካከል ቆመው ጠበቁት። እኔ ከአጥሩ ማዶ ነበርሁ፤ መስማት ባልፈልግም ሰማሁ።

ይሻው ቅጠሉን ይዞ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ይህ ምንድን ነው?»

«የደም መድኃኒት ነው።»

«ጌጤ የምትውጠው ነው ይባላል።»

«እርሱም ነው። ለደምም ይሆናል። ሐኪሟን ጠይቃት።»

«ለእኔ የነገርሽኝ መቼ ነው?»

እሜቴ ማሬ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ልጄ ደሙን አፍስሶ ቢያድናት፣ ዘሩን ዘጋችበት! እኔ ለልጅ ልጄ ገብስ ስለይ፣ እርሷ በጓዳ ማኅፀኗን ትዘጋለች! ሰው ስሙኝ!»

ሰው ሰማ። በሚቀጥለው እሑድ ይህንኑ ቃል በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በሴቶች ሁሉ ፊት ደገሙት። ወሬው ከዚያ ተነሥቶ የት እንደደረሰ በመግቢያዬ ተናግሬአለሁ።

ሽማግሎች ተሰበሰብን። ቄስ ገብረየሱስና እኔ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በይሻው ቤት ተቀመጥን። ነገሩ በአንድ ጥያቄ የሚያልቅ መስሎኝ «ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፤ ነገ አብረን ሄደን ሐኪሟን እንጠይቅ» አልሁ።

«መምህር» አለኝ ይሻው፣ «ያ ክኒን ምን እንደሚሠራ አገር ያውቀዋል። እኔ ‹ሚስቴ እውነቷን ነው ወይ› እያልሁ በሐኪም ቤት ደጅ ልዙር?»

«አለማወቅ ነው የሚያሳፍረው ወይስ መጠየቅ?»

«እርስዎ ልጆች ወልደው አሳድገዋል» አለኝ።

እሜቴ ማሬ የመጨረሻውን ቃል ተናገሩ። «ክኒኑን እሳት ውስጥ ትጣለውና ትቀመጥ። አለዚያ የመጣችበት አገር ያውቃታል።»

ፈንታነሽ ባሏን ተመለከተችው። ይሻው መሬት መሬት ያያል። ተነሥታ ቅጠሉን ከመደቡ ላይ አነሣችና በራሷ እጅ ምድጃው ውስጥ ጣለችው። ሽማግሎቹ ዕርቅ የወረደ መስሏቸው አመሰገኑ። እሜቴ ማሬ የብረቱንም ክኒን አልተዉላትም፤ ከዚያ ወዲያ የትኛው የምን እንደሆነ ብትናገርም የሚያምናት በዚያ ቤት አልነበረም።

ደሙ እንደገና ጠፋ። ሰፈሩ «አየሽ፣ ክኒኑን ስትተወው ያዘ» ማለት ጀመረ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ፈንታነሽ የቄሱን ፈቃድ ትታ ከማንም ጠንክራ ጾመች። ንጹሕ መሆኗን በምን እንደምታስረዳ ቸግሯት ይመስለኛል። በአጥሩ ላይ «ልጄ፣ ይህ ጾም ላንቺ አልታዘዘም» ብላት «መምህር፣ አሁን ብበላ ምን እንደሚሉኝ ያውቃሉ» ብላኝ ገባች።

በሰሙነ ሕማማት ደሙ ፈሰሰ። የትንሣኤ ዕለት ከጽዶቹ ሥር አልታየችም፤ መቆም አቅቷት ነበርና። በማግሥቱ ነፍሷን ሳተች። በዚያ ሳምንት በጸጥታ ምክንያት መንገዱ ተዘግቶ መኪናም ባጃጅም አይንቀሳቀስም ነበር። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸከማት፤ ይሻው የፊተኛውን ጫፍ ይዞ ሊቀይሩት ሲሉ እንቢ እያለ እስከ ከተማው ወሰዳት።

ሩት መዝገቧን ማየት አላስፈለጋትም፤ ፊቷን አይታ ዐወቀቻት። ደም ከተሰቀለላት በኋላ ወደ ውጭ ወጥታ ይሻውን ጠራችው። እኔ ከአጠገቡ ነበርሁ።

«መድኃኒቱን ያስተዋት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ይሻው። «ልጅ የሚከለክል መሰለኝ።»

«ጥያቄ ካለህ እዚህ አልነበርሁም?»

«ነበርሽ።»

ሩት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ለፈንታነሽ ያስረዳችውን ሁሉ፣ ስለ እንቁላሉም፣ ስለ ሽፋኑም፣ ስለ ተራውም አስረዳችው። «ያቺ ክኒን ልጅህን አልከለከለችህም» አለችው በመጨረሻ። «የልጅህን እናት ይዛልህ ነበር።»

ይሻው ጋቢውን በፊቱ ላይ ስቦ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ገብቶታል። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ።

ፈንታነሽ ተረፈች። የተኛችበትን ሰምቶ ወንድሟ ሙላቴ ከአንበሳሜ መጣና፣ መንገዱ ሲከፈት፣ እስክትጠና ብሎ ወደ ቤቱ ወሰዳት። መድኃኒቶቹን ከመጀመሪያው ጀመረች።

ሰኔ ሲገባ ይሻው ቄስ ገብረየሱስንና እኔን ይዞ አንበሳሜ ሄደ። ሙላቴ በክብር ተቀበለን። ፈንታነሽ እጃችንን አስታጠበች፣ ምሳ አቀረበች፣ ከበላን በኋላም ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ፊቷ ጠይምነቱ ተመልሶለት ነበር።

«ፈንቴ፣ በድያለሁ» አለ ይሻው። እንዲህ ያለ ቃል ከእርሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም። «ሐኪሟ አስረድታኛለች። ክኒኑንም ውጪ፤ ብትረሺም እኔ አስታውስሻለሁ። ቤትሽ ነይ።»

«እማማ ዐውቀዋል?»

«እናቴን ተያት። አርጅታለች፤ ብነግራትም አይገባትም።»

«አንተ ገብቶህ የለም እንዴ? እርሳቸው የዓመታት ትምህርት አይፈልጉም፤ ከልጃቸው አፍ መስማት ነው የሚፈልጉት።»

«እሺ፣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።»

«እርሳቸው የተናገሩት ቀስ ብለው አይደለም። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ሴቱ ሁሉ እየሰማ ነው። አንተም እዚያው ቆመህ ‹ሚስቴ ታማ ነው፤ ማኅፀኗን አልዘጋችም› ብለህ ትናገራለህ?»

ይሻው ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «በአደባባይ የሚስቴን የደም ነገር እንዴት አነሣለሁ? ነውር አይደለም?»

«ሲዋሽብኝ ነውር አልነበረም?»

ቄስ ገብረየሱስ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ ወሬ ይረሳል። ቤትሽን በወሬ ምክንያት አታፍርሺ።»

«አባ፣ እኔ የምለምነው አንድ ቃል ነው። እርሱ ካልተናገረው፣ ነገ እዚያ ቤት ክኒን ስውጥ የሚያየኝ ሰው ምን እንዲያስብ ነው? ዘንድሮ እንዳደረጉት አድርገው ያስጥሉኛል። ሁለተኛ ግን አልነሣም።»

ሁላችንም ይሻውን ጠበቅነው። ሙላቴ እንኳ ከደጅ ያለውን ሥራውን ትቶ ቆመ። ይሻው ወደ እኔ ተመለከተ። እንዲህ ያለውን ፊት ብዙ ዘመን በክፍል ውስጥ ዐውቀዋለሁ፤ መልሱን የሚያውቅ፣ ተነሥቶ ለመናገር ግን ጉልበት ያጣ ተማሪ ፊት ነው።

«ጊዜ ስጪኝ» አለ።

ፈንታነሽ ተነሥታ ሳሕኖቹን ሰበሰበች። «መንገዱ ሳይመሽባችሁ ሂዱ» አለችን።

ስንመለስ፣ ከመኪናው ወርደን በእግር ወደ ሰፈራችን ስንሄድ ይሻው «መምህር፣ እርስዎ ቢነግሩልኝስ? እርስዎን ይሰማሉ» አለኝ።

«እርሷ የጠየቀችው የእኔን ቃል አይደለም» አልሁት።

ይህን ስጽፍ መከሩ ገብቷል። ይሻው አሁንም አልተናገረም። በየእሑዱ ያስቀድሳል፤ በዚያው በር ይገባል፣ በዚያው በር ይወጣል፤ ሴቶቹም እናቱም እዚያው ናቸው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ይቀልልኝ ነበር። እሜቴ ማሬ ሌላ ልጅ ሊያጩለት ነው እየተባለ ይወራል፤ እርሱም እሺም እንቢም አላለም።

ፈንታነሽ አንበሳሜ ናት። ሩት ዘንድ በየጊዜው ትመጣለች፤ ሄሞግሎቢኗ ከዐሥራ ሁለት አልፏል። በመጨረሻው ምርመራ ሩት «ደምሽ ሞልቷል፤ ያልሁሽን የእርግዝና መድኃኒት አሁን መጀመር እንችላለን» ብላት ነበር። ፈንታነሽ አመስግና፣ ለሚቀጥሉት ወራት የሚሆነውን የቀድሞውን ነጩን ክኒን ብቻ ተቀብላ ወጣች።